ማኅበራዊ ኃላፊነታችንን ድረ ገጻችን ላይ እንዴት እንጻፍ? ከጅማ ነጋዴዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ውስጥ ለቡና ላኪዎች፣ ለሆቴሎች፣ ለእንጨት ሥራ ቤቶችና ለክሊኒኮች ድረ ገጽ እሠራለሁ። ጽሑፉንም የምጽፈው እኔው ነኝ። ሥራው ሊያልቅ ሲል አንድ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፦ «ማኅበራዊ ኃላፊነት የሚል ገጽም ይጨመርልን።» ምን ይጻፍበት ስል ግን ዝም ይባላል። ወይም ከሌላ ኩባንያ ገጽ የተገለበጠ ወረቀት ይሰጠኛል፤ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። ደጋግማችሁ የጠየቃችሁኝን ሰብስቤ፣ ሥራው ያስተማረኝን እዚህ መልሻለሁ።

ማኅበራዊ ኃላፊነት ማለት ዕርዳታ መስጠት ነው አይደል?

አይደለም። ይህ ካልጠራ ሌላው ሁሉ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከዚህ ልጀምር።

አርቺ ካሮል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1991 ነገሩን በፒራሚድ አስቀምጦታል። ከመሠረቱ ላይ ድርጅቱ አትርፎ መቆም አለበት። ቀጥሎ ሕግ ማክበር። ቀጥሎ ሕግ ባያስገድድም ትክክል የሆነውን ማድረግ። ልገሳ የተቀመጠው ጫፉ ላይ፣ ጠባቡ ቦታ ላይ ነው። እኛ ሀገር ብዙ ገጾች ላይ ፒራሚዱ ተገልብጦ ይታያል። ደብተር የታደለበት፣ በግ የታረደበት፣ ችግኝ የተተከለበት ፎቶ ገጹን ይሞላዋል። ሠራተኛው ስንት እንደሚከፈለው፣ ፍሳሹ የት እንደሚገባ ግን አንድ መስመር አይገኝም።

ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው አይኤስኦ 26000 የተባለው መመሪያ ደግሞ ሰባት ጉዳዮችን ይዘረዝራል፦ የድርጅቱ አስተዳደር፣ ሰብአዊ መብት፣ የሥራ ሁኔታ፣ አካባቢ፣ ፍትሐዊ የንግድ አሠራር፣ የሸማቹ ጉዳይ፣ የማኅበረሰብ ተሳትፎና ልማት። ደብተር ማደል የሚገባው በመጨረሻው ውስጥ ነው። እዚያም ትንሽ ጥግ ይዞ።

እኔ ለደንበኞቼ የምጠይቃቸው አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ትርፉ ወደ እናንተ ሲመጣ በመንገዱ ማንን ነክቶ መጣ? መልሱ ገጹን ይሞላል።

ደግ ሥራን በአደባባይ ማውራት ጉራ አይሆንም?

ይህን ጥያቄ በጣም ነው የማከብረው። ከሁሉም በላይ የጠየቁኝ ሰዎች ከልባቸው ደጎች የሆኑ ናቸው።

አንድ አዛውንት ቡና ላኪ አሉ። ቢሯቸው ሄጄ «ሐጂ፣ ለማኅበረሰቡ ያደረጉትን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ የሰጠሁትን አላህ ያውቀዋል። ሰው ለምን ይወቀው?» አሉኝ። ከጸሐፊያቸው በኋላ እንደሰማሁት፣ ለአንድ መንደር የውኃ ቧንቧ አስዘርግተዋል። ስማቸው የትም አልተጻፈም።

ምን መልስ አለኝ? ወንጌሉም «ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ» ይላል። ሐዲሱም ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማታውቅ ደብቆ የሚመጸውተውን ያመሰግናል። ቁርኣኑ ደግሞ ምጽዋትን መግለጥ መልካም እንደሆነ፣ ደብቆ ለድሃ መስጠት ግን የበለጠ እንደሆነ ይናገራል። ይህ ሁሉ እያለ «አይ፣ ማስታወቂያ ያስፈልገናል» ማለት አልቻልኩም።

ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን ሁለት ነገር ቀላቅለን እንደነበር ገባኝ። ከኪስ የሚሰጥ ሰደቃ የሰጪው ነው። ዝም ቢባልበት ያምራል። ድርጅቱ በወንዙ ላይ፣ በለቃሚው ላይ፣ በገበሬው ሚዛን ላይ የሚያደርሰው ነገር ግን የባለቤቱ ምሥጢር አይደለም። እሱ ሒሳብ ነው። ሒሳብ ደግሞ ይሰማል። የዕድር ጸሐፊ በስብሰባ ቀን ቆሞ «ይህን ያህል ገባ፣ ይህን ያህል ወጣ፣ ይህን ያህል ቀረ» ሲል ጎረረ የሚለው የለም። እንዲያውም ሳያሰማ ቢቀር ነው ሰው የሚያጉረመርመው።

በማግሥቱ ተመልሼ ይህንኑ ነገርኳቸው። ሐጂ ትንሽ አሰቡና «እንደ ዕድር ከሆነ እሺ» አሉ። ስጦታውን በሙሉ ተውነው። ስለ ሚዛናቸው፣ ገንዘብ ስለሚከፈልበት ቀን፣ ስለ ውኃው ጻፍን። ከሠራኋቸው ገጾች ሁሉ የምወደው ያንን ነው።

ታዲያ መጀመሪያ ምን ይግባበት?

ሥራችሁ በቅድሚያ የሚነካው ነገር። ይህ ደግሞ ከሥራ ሥራ ይለያያል።

የቡና ማጠቢያ ጣቢያን ልውሰድ፤ በዙሪያችን የምናውቀው እሱን ነውና። በለቀማው ሰሞን አንዱ ጣቢያ ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ያሳዩኝ ቢሮውን ነው። ግድግዳው ላይ ለትምህርት ቤት የተሰጠ ደብተር ፎቶ ተሰቅሏል። እሱን ገጹ ላይ እንዳወጣ ፈልገው ነበር። እኔ ግን ወደ ታች ልውረድ አልኩ። ከመፈልፈያው የሚወጣው ውኃ ቡናማ ሆኖ፣ አረፋ ደፍቆ በቦይ ይወርዳል። ሽታው እንደ ኮመጠጠ ጠላ ነው። ቦዩን ተከትዬ ስሄድ አንዲት እናት ጄሪካን ይዘው ከወንዙ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ከቦዩ በላይ ወዳለው ቦታ እየተሻገሩ ነበር። «በዚህ ሰሞን ከላይ ነው የምንቀዳው» አሉኝ። በቁጣ አልነበረም የተናገሩት። የለመዱት ነገር ስለሆነ ነው።

የእሸት ቡና ልጣጩና ዝልግልጉ ስኳር አለው። ውኃ ውስጥ ሲገባ ይቦካል፤ ውኃውን ያኮመጥጠዋል፤ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣውም ትላትሉም ይሞታል። ጣቢያው ይህን ያውቃል። መንደሩም ያውቃል። ገጹ ላይ ግን ደብተር ሊወጣ ነበር።

እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። ገጹን በውኃው ጀመርን። በቀን ስንት ሜትር ኪዩብ ውኃ እንደሚጠቀሙ፣ ፍሳሹ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ስንት እንደሆነ፣ ልጣጩን ኮምፖስት አድርገው ለማን እንደሚሰጡ። ፍሳሹን የሚያጣራ ቬቲቨር ሣር ለመትከል ማሰባቸውንም ጻፍን፤ «ገና አልተከልንም» ብለን። ባለቤቱ ይህቺን ቃል ስጽፍ ፊታቸው ጠቆረ። ቢሆንም አልሰረዟትም። በሚቀጥለው ክረምት ሣሩ ተተከለ። የተጻፈ ነገር ሰውን ያነቃቃል።

ሆቴል ከሆናችሁ ስለ ውኃው፣ ስለ ማገዶው፣ የምግብ ትርፍራፊው የት እንደሚደርስ፣ ማታ ላይ አስተናጋጇ በምን ወደ ቤቷ እንደምትመለስ ጻፉ። በርጩማና ወንበር የምትሠሩ ከሆነ እንጨቱ ከየት እንደሚመጣ ጻፉ። ሶስት እግር ያለውን የጅማ በርጩማ የሚገዛ ሰው ከየትኛው ዛፍ እንደተጠረበ ማወቅ ይፈልጋል። ክሊኒክ ከሆናችሁ መርፌውና የደም ጥጡ የት እንደሚቃጠል።

«ብዙዎችን ተጠቃሚ አድርገናል» ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው?

ማንም ሊያረጋግጠው አይችልም። ችግሩ ይኸው ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። ሥራ እንደጀመርኩ ለአንድ ድርጅት «በሺዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎችን ደግፈናል» ብዬ ጻፍኩ። የተባልኩትን ነው የጻፍኩት፤ አልጠየቅኩም። ከሁለት ወር በኋላ አንድ መምህር ስልክ ደወሉ። «የት ትምህርት ቤት ነው? የእኛን ልጆችም ብታስመዘግቡልን» አሉ። በክፋት አልነበረም። እውነት መስሏቸው ነው። ድርጅቱን ስጠይቅ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። መስመሩን በዚያው ማታ አጠፋሁት። ለመምህሩ መልሼ ስደውል የተሰማኝን ሐፍረት ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በአራት ነገር እፈትነዋለሁ። ስንት? የት? መቼ? ከስንቱ? አራተኛው ይረሳል፤ ዋናው ግን እሱ ነው። ለምሳሌ ያህል «40 ሴቶችን ቀጥረናል» ከማለት «ከ65 ቋሚ ሠራተኞቻችን 40ዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከ6ቱ ኃላፊዎች ግን ሴት አንድ ብቻ ናት» ብትሉ አንባቢው ሥራ ቤታችሁ የገባ ያህል ያያል።

«ለአካባቢ ጥበቃ ትልቅ ትኩረት እንሰጣለን» የሚለውንም ተዉት። ማንም ተቃራኒውን አይጽፍም። «ትኩረት አንሰጥም» የሚል ገጽ አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ችግኝ ተክለናል ብለን ብንጽፍስ?

ጻፉ፤ የጸደቀውን ግን ቁጠሩ። ሐምሌ ላይ የተተከለው በመጋቢት ስንቱ ቆሟል? ፎቶውን በመጋቢት አንሱት። ይኸው ነው።

ጉድለታችንንም እንጻፍ? ስማችን አይጠፋም?

ጻፉ። ስም የሚጠፋው የተደበቀ ነገር ሌላ ሰው ሲያወጣው ነው።

ሁለት የታወቁ ታሪኮች ልጥቀስ። ኤንሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 64 ገጽ የሆነ የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው። ስለ መከባበርና ስለ ሐቀኝነት በሚገባ ተጽፎበታል። ኩባንያው ሒሳቡን ሲያጭበረብር ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ወደቀ። ደንቡ አላዳነውም።

ናይኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በእስያ ፋብሪካዎች ባለው የሥራ ሁኔታ ክፉኛ ተወቀሰ። መጀመሪያ ላይ «ፋብሪካዎቹ የእኛ አይደሉም» ማለት ይቀናው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ግን ጫማና ልብስ የሚያመርቱለትን ከ700 በላይ ፋብሪካዎች ስምና አድራሻ ይፋ አወጣ፤ ያሉትን ችግሮችም በሪፖርቱ አመነ። ወቀሳው ከዚያ በኋላም አልቆመም። ነገር ግን ጥያቄው ከ«ምን ትደብቃለህ» ወደ «ይህን መቼ ታስተካክላለህ» ተቀየረ። ለእኔ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ሲጻፍ ግን ሶስቱ አብረው ይሂዱ፦ ምን እንደጎደለ፣ ለምን እንደጎደለ፣ መቼ እንደሚሟላ። ጉድለቱን ብቻ ጽፎ መተው ለአንባቢ ሸክም መስጠት ነው።

ከጻፍን በኋላ በራሳችን ቃል ብንያዝስ?

ትያዛላችሁ። የመጻፍ ቁም ነገሩም ይህ ነው።

ስታርባክስ ለቡና አምራቾች እንደሚያስብ አዘውትሮ የሚናገር የአሜሪካ የቡና ኩባንያ ነው። ኢትዮጵያ የሲዳሞን፣ የሐረርንና የይርጋጨፌን ስም አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትጠይቅ ከኩባንያው ጋር አለመግባባት ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ2006 ጉዳዩ ዓለም አቀፍ ዘመቻ ሆነ። ሰው የጠየቀው ቀላል ነበር፦ ለገበሬው የምታስብ ከሆነ ስሙን ለምን ለባለቤቱ አትተውም? እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። ኩባንያው ስለ ገበሬ ምንም ተናግሮ የማያውቅ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ያን ያህል ጉልበት የሚኖረው አይመስለኝም።

ስለዚህ የምትችሉትን ብቻ ጻፉ። የምትጽፉትን ቻሉ።

የአውሮፓ ገዢዎች የደን ማስረጃ ይጠይቁናል። ይህም ገጹ ላይ ይውጣ?

አዎ፣ በጥንቃቄ። እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደቀው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት የበቀለ ቡና አውሮፓ ገበያ አይገባም። ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ተራዝሟል፤ ይዘቱ ግን አልቀረም። ቡናው የበቀለበት ማሳ በጂፒኤስ መታወቅ አለበት። ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ማሳ ዙሪያው በሙሉ ይለካል። ከዚያ በታች ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል። እንደ ጎማ፣ ጌራና ሊሙ ባሉ የጅማ አካባቢዎች ያለው አብዛኛው ገበሬ በዚህ በትንሹ ውስጥ ነው የሚወድቀው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። የገበሬውን ስምና የማሳውን ነጥብ አደባባይ ላይ አታስጡት። ያ ለገዢው በግል የሚላክ ሰነድ ነው። ገጹ ላይ የሚወጣው አሠራሩ ነው። ከስንት ገበሬ እንደምትገዙ፣ የስንቱ ማሳ እንደተለካ፣ ማን እንደለካው፣ ያልተለካው ለምን እንደቀረ። ገበሬው ነጥቡ ለምን እንደተወሰደ ተነግሮት እንደሆነም ጻፉ። ስልክ የያዘ ወጣት ማሳው መሃል ቆሞ ቁጥር ሲወስድ ሲያይ መሬቱን ሊወስዱበት የመሰለው ገበሬ አጋጥሞኛል። ቁጭ ብሎ ማስረዳት የኃላፊነቱ አካል ነው።

ሌላም አለ። እዚህ አካባቢ ቡና የሚበቅለው በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ከዓይን ርቆ በሳተላይት የሚያይ ሰው ደን ነው ወይስ ማሳ ነው ብሎ ሊሳሳት ይችላል። ጥላው ምን ዛፍ እንደሆነ፣ ከስንት ዘመን ጀምሮ እንደቆመ በሁለት አንቀጽ ብትጽፉ ለገዢው ትልቅ ውለታ ነው። ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ጂአርአይ፣ ግሎባል ኮምፓክት፣ አይኤስኦ የሚባሉት ያስፈልጉናል?

ለትንሽ ድርጅት የግድ አይደሉም። ባጭሩ፦ ጂአርአይ እ.ኤ.አ. በ1997 የተመሠረተ ድርጅት ነው፤ ሪፖርት ላይ ምን ምን መካተት እንዳለበት የሚያሳይ መለኪያ ያወጣል፤ በነፃ ይወርዳል። ለማገናዘቢያ ያህል አንብቡት። ግሎባል ኮምፓክት በተባበሩት መንግሥታት ሥር እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረ ነው፤ አሥር መርሆዎች አሉት፤ አባል የሆነ ኩባንያ በየዓመቱ ያደረገውን ይፋ ያደርጋል።

አይኤስኦ 26000 ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። እሱ መመሪያ እንጂ ሰርተፊኬት የሚሰጥበት አይደለም። «የአይኤስኦ 26000 ሰርተፊኬት እናሰጣችኋለን» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ። ገጹ ላይም «ሰርተፊኬት አለን» ብላችሁ አትጻፉ፤ የሚያውቅ ገዢ ወዲያው ይነቃባችኋል።

የ17ቱን ዘላቂ የልማት ግቦች ባለ ቀለም ምልክቶች ደርድሮ መለጠፍም ተለምዷል። ከእያንዳንዱ ምልክት ሥር የሠራችሁት ነገር ከሌለ ቀለሙ ብቻውን ምንም አይናገርም።

ዕርዳታ ስንሰጥ የተነሣነውን ፎቶ እናውጣ?

ይህ ልቤን የሚነካ ጉዳይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

እዚሁ ጅማ፣ ኮቺ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ልጃቸው ሶስተኛ ክፍል እያለ አንድ ድርጅት ቦርሳና ደብተር ሰጠው። ፎቶ ተነሣ። ልጁ መሃል ላይ ቆሟል፤ አንገቱን ደፍቷል፤ ትልልቅ ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው ቦርሳውን አብረው ይዘውታል። ያ ፎቶ ድረ ገጹ ላይ ለዓመታት ቆየ። ልጁ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ የክፍል ጓደኞቹ አገኙት። በስልካቸው ተቀባበሉት። እናቲቱ «ቦርሳው ካለቀ ስንት ዘመኑ! ፎቶው ግን አላለቀም» አሉኝ።

ፈቃድ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ዛሬ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። የሰው መልክም የግል መረጃ ነው። ሕጉ ባይኖርም ግን የሰውን ልጅ ችግር ለዘላለም አደባባይ ላይ መስቀል አይገባም።

ፎቶ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ነገሩን አንሱት። ሚዛኑን፣ የዋጋ ሰሌዳውን፣ የፍሳሽ ጉድጓዱን፣ የተሠራውን ቧንቧ። ሰው ካነሣችሁም ሥራው ላይ ያለ፣ ቀና ያለ፣ ፎቶው የት እንደሚወጣ የተነገረው፣ «አይሆንም» ማለት የቻለ ሰው ይሁን። ከኢንተርኔት የተወሰደ የሌላ ሀገር ልጆች ፎቶ አድርጋችሁ «የምንደግፋቸው» ማለት ደግሞ ግልጽ ውሸት ነው። ፎቶውን ፈልጎ ምንጩን ማግኘት ለማንም ደቂቃ አይፈጅበትም።

በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? እንግሊዝኛ አይበቃም?

ለገዢ ብቻ ከጻፋችሁ ይበቃል። ሥራችሁ የሚነካው ሰው ግን ያለው እዚህ ነው። ስለ እሱ ጽፋችሁ እሱ ማንበብ ካልቻለ ምኑን ተነጋገራችሁ?

ጅማ ላይ አፋን ኦሮሞ መቅደም አለበት፤ ገበሬውም ለቃሚውም የሚያወራበት እሱ ነው። አማርኛ ይከተል። እንግሊዝኛ ለውጭው ይሁን። ሶስቱም አንድ ዓይነት ነገር ይናገሩ። በእንግሊዝኛው ላይ ብቻ ደግ መሆን የለም።

ከተጻፈ በኋላ የምፈትንበት መንገድ አለኝ። ለጥበቃው ልጅ ወይም ለጸሐፊዋ እህት ስልኬን እሰጥና ጮክ ብላ እንድታነብ እጠይቃለሁ። አንዴ አንዲት ልጅ «የባለድርሻ አካላትን ያሳተፈ ዘላቂነት ያለው…» ላይ ስትደርስ ቆመችና «ምን ማለት ነው?» አለችኝ። «ገበሬዎቹን ጠይቀናል» ማለት ነው አልኳት። «ታዲያ እንደሱ ለምን አልተጻፈም?» አለች። እንደሱ ተጻፈ።

አብዛኛው ሰው የሚከፍተው በስልክ ዳታ ነው። አርባ ገጽ ፒዲኤፍ አትስቀሉበት። ሳይከፈትለት ካርዱ ያልቃል።

ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ እየለጠፍን ለምን ድረ ገጽ?

ፌስቡክ ለዜና ጥሩ ነው። የዛሬው ፖስት ግን በሳምንቱ ይሰምጣል። አምና ምን እንዳላችሁ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። ድረ ገጽ ላይ የአምናው ከዘንድሮው ጎን ይቀመጣል፤ ማወዳደር ይቻላል። ገጹን ጻፉና ማስፈንጠሪያውን ቴሌግራም ላይ ልቀቁት።

ግሪንዋሺንግ የሚባለው ምንድን ነው?

እኔ አረንጓዴ ቅብ እለዋለሁ። ቀለሙ አረንጓዴ፣ ውስጡ የድሮው። ቃሉን ያወጣው ጄይ ዌስተርቬልድ የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1986። የሆቴል ፎጣ አይቶ ነው የተነሣው። ሆቴሉ «ተፈጥሮን ለመጠበቅ ፎጣችሁን ደግማችሁ ተጠቀሙ» ይላል። የልብስ ማጠቢያ ወጪው ይቀንስለታል፤ ሌላው አሠራሩ ግን እንዳለ ነው።

ወጪ መቀነስ ነውር አይደለም። «ፎጣ በየቀኑ አለመቀየራችን ውኃም ገንዘብም ይቆጥብልናል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። እውነቱ ከነሙሉነቱ ሲነገር እንግዳው አይከፋውም።

ሕግ ማክበራችንን እንደ ማኅበራዊ ኃላፊነት እንጻፈው?

ሕጉ ያዘዘውን እንደ ቸርነት አታቅርቡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ 120 ቀን ነው፤ 30ው ከወሊድ በፊት፣ 90ው ከወሊድ በኋላ። «ለእናቶች 120 ቀን ፈቃድ እንሰጣለን» ብሎ መኩራራት ዕዳን ከፍሎ ስጦታ ነው እንደማለት ነው። ከ15 ዓመት በታች ልጅ አለመቅጠርም እንዲሁ።

ከሕጉ ያለፈ ነገር ካላችሁ ግን እሱን ጻፉ። የሕፃናት ማቆያ ክፍል አላችሁ? ለወቅት ለቃሚዎች መጠለያና ንጹሕ ውኃ? ስለ ለቃሚዎች በጣም ጥቂት ነው የሚጻፈው። ከሩቅ መጥተው፣ ሁለት ሶስት ወር ሠርተው፣ ይሄዳሉ። የት እንደሚያድሩ አንድ አንቀጽ ጻፉላቸው።

ሰው ቅሬታ ቢጽፍብንስ?

እሰየው በሉ። የሚያኮርፍ ሰው አይጽፍም፤ ገበያ ላይ ነው የሚያወራው። የሐሙስ ገበያ ደግሞ ከማንኛውም ድረ ገጽ በላይ ይሰማል።

የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ሶስት የመነጋገሪያ መንገዶችን ለይተው አሳይተዋል። አንደኛው መንገር ብቻ ነው። ሁለተኛው ጠይቆ፣ አስተያየት ሰብስቦ፣ ውሳኔውን ግን ራስ መወሰን ነው። ሶስተኛው አብሮ መወሰን ነው። ብዙ ገጾች አንደኛው ላይ ቀርተዋል።

ሁሉም ገጽ ላይ እኔ የማስገባው የቅሬታ ክፍል አለ። ስልክ ቁጥር፣ ስልኩን የሚያነሣው ሰው የሥራ ድርሻ፣ በስንት ቀን መልስ እንደሚሰጥ። ኢሜይል ብቻ አይበቃም፤ ገበሬው ኢሜይል የለውም። በዓመቱ መጨረሻ ስንት ቅሬታ እንደመጣ፣ ስንቱ እንደተፈታ ይጻፋል። ዜሮ ቅሬታ መጣ የሚል ድርጅት ካለ ስልኩ ይሠራ እንደሆነ መጀመሪያ እደውላለሁ።

ትንሽ ድርጅት ነን። ገንዘብም ሰውም የለንም። ከየት እንጀምር?

ከአንድ ገጽ። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሒሳብ ሠራተኛውን፣ የሥራ ኃላፊውንና ከሁሉም በላይ ረጅም ጊዜ የቆየውን ሠራተኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ቡና ይፈላ። ሶስት ነገር ጠይቁ፦ ሥራችን ማንን ይነካል? ዘንድሮ ምን አደረግንበት? ምን ቀረን? የሚሉትን በሚሉበት ቃል ጻፉት። አታሳምሩት።

ቀን አኑሩበት። ቀን የሌለው ገጽ የመቼ እንደሆነ አይታወቅም። ለቡና ሰው የምመክረው ወቅት የካቲት ወይም መጋቢት ነው። ለቀማው አልቋል፤ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ውኃው ጠርቷል። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ወር ተመለሱበት፤ አሮጌውን ግን አታጥፉት፤ ከሥር ተዉት።

አትማችሁም ሚዛኑ አጠገብ ለጥፉት። ገበሬው እሸቱን ሲያስመዝን ወረፋ ይጠብቃል፤ ያኔ ያነበዋል። ስህተት ካለበት እዚያው ይነግራችኋል።